በእግሩ የመጣ ቤት

ግንቦት 6

ዛሬ የሐጂውን ፎቅ እንድለካ ታዘዝኩ። አለቃዬ አቶ አሳምነው ከስብሰባ እንደወጡ የቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ «ናርዶስ፣ አስፋልቱ ሲሰፋ ያ ቤት ይነሣል። ድሮ በቅርስ መዝገብ ላይ ስለነበረ ከመፍረሱ በፊት ሥዕሉ በፋይል ይቀመጥ ተብሏል። ሁለት ሳምንት ይበቃሻል» አሉኝ።

ዳንግላ አራት ዓመት ስሠራ በዚያ ቤት ፊት በቀን ሁለቴ አልፋለሁ። ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ የእንጨትና የጭቃ ፎቅ፣ በሦስት ጎኑ የእንጨት ሰገነት። ወደ ገበያው በኩል ዘመም ብሏል። ከማዶ የማያውቀው ሰው የለም። ውስጡን ግን ገብቼ አላየሁትም ነበር።

ባለቤቷ እማማ መሪማ ይባላሉ፤ ሰባን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እጄ ላይ ያለውን ሜትር ሲያዩ፣ «የምትለኪው ለልብስ ነው ወይስ ለከፈን?» አሉኝ። ሳቅ ብለው አስገቡኝ።

ግንቦት 8

በምሳ ሰዓት፣ ደረጃቸው ላይ ተቀምጬ።

ርዝመት 11.20። ወርድ 8.60። ከታች ሦስት ክፍል፣ ከላይ ሁለት። ሚስማር ፈለግሁ። ከቆርቆሮው በቀር የትም የለም። እንጨቱ እንደ ምላስ ተሹሎ በሌላው እንጨት ጉድጓድ ይገባል፣ ጎኑ ላይ የወይራ ሽብልቅ ይመታበታል። ማን ነው እንዲህ የሠራው? እማማ መሪማ አያውቁም። «የባለቤቴ አያት ሐጂ ሙስዐብ ናቸው ያሠሩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።»

ለመዝገብ የሚበቃው የውጭ መጠን ነበር። እኔ ግን ነገም እመለሳለሁ።

ግንቦት 13

አንድ ነገር አልገባኝም። ይህ ቤት ይበርዳል።

ዳንግላ ሰው መስኮቱን ጠበብ፣ ግድግዳውን ወፈር አድርጎ ነው የሚሠራው። የሐጂው ቤት ግን አሥራ ሁለት መስኮት አለው፤ አብዛኞቹ ከወለል እስከ ደረቴ ይደርሳሉ። ከየመስኮቱ በላይ ደግሞ አየር እንዲገባ በቅጠል ቅርጽ የተፈለፈለ ሳንቃ ገብቷል። የጣራው ክንፍ ከግድግዳው ሜትር ከሃምሳ ይወጣል። ጥላው ቀኑን ሙሉ ከቤቱ አይለይም። ፀሐይ በሚናፈቅበት አገር ፀሐይን የሚሸሽ ቤት!

እማማ መሪማ በየክረምቱ የተፈለፈሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ይወትፏቸዋል። «ይህ ቤት ይተነፍሳል፤ እኔ አፉን እይዝለታለሁ» አሉኝ።

ያሠራው ሰው ሀብታም ነበር። ሞኝም አልነበረም፤ ሞኝ እንዲህ ያለ ደረጃ አያሠራም። ታዲያ ለምን?

ግንቦት 19

ቢሮ። ችኮላ።

ኮሪደር ላይ ሁለቱ ባልደረቦቼ፦ «ናርዶስ የት አለች?» «ባሏ ቤት።» «አገባች እንዴ?» «የሐጂውን ፎቅ!» ሳቁ። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

አቶ አሳምነው፦ «ሥዕሉስ?» «ትንሽ ቀርቶኛል።» «ውጩን ብቻ ነው ያልኩሽ እኮ።»

ቤቱ ከመዝገቡ የወጣበትን ቅጽ ዛሬ ከፋይሉ አየሁት። «ያዘመመ። ለመውደቅ የተቃረበ። የተለየ ይዘት የሌለው።» ሦስት መስመር። ቅጹን የሞላው ሰው እነዚያን መስኮቶች ከውስጥ አላያቸውም።

ግንቦት 24

የእማማ መሪማ ልጅ ኢሕሳን ከእንጅባራ መጣች። እዚያ መምህርት ናት። ደግ ሴት ትመስላለች፤ እኔን ግን አልወደደችኝም። እናቷ ወደ ጓሮ ሲወጡ ጠብቃ ነገሩን ፊት ለፊት ተናገረችው።

«አንቺ መጥተሽ ቤቱን ታደንቂያለሽ፣ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ትሄጃለሽ። እናቴ ከሰኔ እስከ መስከረም ስትስል ታድራለች። ይፍረስ የተባለ ዕለት እኔ ሱጁድ ነው የወረድኩት። እንጅባራ ይዣት እሄዳለሁ፤ ሞቅ ያለች አንድ ክፍል ትበቃታለች።»

«እሳቸው ምን ይላሉ?»

«እሷማ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ተይዤ ነው ትላለች።»

ኢሕሳን ትክክል ናት። ቤቱ ያማረ ስለሆነ ሰው ሳንባው ይታመም አይባልም። ይህን ሳስብ ዋልኩ፤ ግን ያንን «ለምን» ደግሞ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም።

ሰኔ 2

የሆነውን ሳይረሳኝ ልጻፍ።

ትናንት የጣለው ዝናብ በደረጃው በኩል ሰርጎ ምርጊቱን ሁለት ክንድ ያህል አወረደው። ጠዋት ስገባ እማማ መሪማ ጭቃውን እየጠረጉ ነበር። መጥረጊያውን ተቀበልኳቸውና ጎንበስ ስል የተገለጠውን የጽድ ቋሚ አየሁት። እንጨቱ አሁንም ቀይ ነው። አግዳሚው ከሚገባበት ሥር የነቀዝ መንገድ የመሰለ ጭረት አለ። በጣቴ ጠረግሁት። ነቀዝ አይደለም፤ በመሮ የተቀረጸ ፯ ነው። ቀና ስል አግዳሚው ላይም ፯።

«እማማ! ይኸን አይተውት ያውቃሉ?»

መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት። «የካህናት ቁጥር አይደለም እንዴ? የእስላም ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ልጅ ሆንን። እሳቸው የእጅ ባትሪ ያዙ፤ እኔ ቆርቆሮው ሥር፣ ሰገነቱ ሥር፣ ወለሉ ሥር ገባሁ። ምርጊት የሌለበት ቦታ ሁሉ ቁጥር አለ። ፫ ከ፫ ጋር፣ ፱ ከ፱ ጋር። እስከ ምሳ ሠላሳ አንድ መጋጠሚያ አገኘን። አንድም አልተሳሳተም፤ ከሁለት በቀር። በገበያው በኩል፣ ቤቱ ባዘመመበት ጥግ፣ ፲፩ የተባለው ቋሚ ፲፬ የተባለውን አግዳሚ ተሸክሟል። ቀጥሎ ያለው ቋሚ ደግሞ በተገላቢጦሽ።

አናጢው ቁጥር ያውቃል፤ ሃያ ዘጠኙን አልሳተም። እንዴት ሁለቱ ላይ ተሳሳተ? መጀመሪያ ነገር ለምን ቆጠራቸው?

ቢሮ ሳልገባ ዋልኩ። ስልኬ ላይ አምስት ያልተመለሰ ጥሪ፤ ሁሉም የአቶ አሳምነው።

ሰኔ 11

እንጅባራ የሚኖሩ ሽባባው የሚባሉ አናጢ አሉ። ብዙ የድሮ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ጣራ አድሰዋል። ማክሰኞ እመጣለሁ ብለውኝ ነበር። መንገድ ተዘጋ። ኔትወርክም የለም።

ሥዕሉ ካለቀ ሳምንት አልፎታል። አላስገባሁትም። «ገና ነው» አልኩ። ዋሸሁ።

ሰኔ 17

መንገዱ ተከፈተ፤ አቶ ሽባባውም መጡ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣታቸው እንደ ሥር የተጠማዘዘ ሽማግሌ ናቸው። ከቤቱ ገብተው ሰላምታ ሰጡ። ቋሚዎቹን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩ። ከራሳቸው ጋር በአዊኛ የሆነ ነገር አንሾካሾኩ።

«አባቴ፣ አናጢው ለምን የቆጠራቸው ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«የሠራው ሰው አይደለም የቆጠራቸው። የሚሠራ ሰው እንጨቱን ያውቀዋል፤ ምን ያስቆጥረዋል? ቤት የሚቆጠረው ሲፈርስ ነው። አፍርሶ ሌላ ቦታ የሚተክል ሰው ነው ቁጥር የሚጽፍ።»



ወደ ዘመመው ጥግ ወሰድኳቸው። ገመድ አውጥተው ሁለቱን ቋሚዎች ለኩ። ፲፬ ከ፲፩ አራት ጣት ያጥራል። «ድሮ የቆመበት መሬት ተዳፋት ነበር፤ አንዱ እግር አጠር ያለው ለዚያ ነው። እዚህ ሲተክሉት ሁለቱን አለዋወጧቸው። ያዘመመው ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጣት አልተነቃነቀም። እንጨቱ የኔን ልጆች ይቀብራል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ይወድቃል ያለው ማን ነው?»

እማማ መሪማ ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ነበሩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሰኔ 18

ማለዳ፣ ከሥራ በፊት። ትናንት እማማ መሪማ የነገሩኝ ይህ ነው።

ለዚህ ቤት ሲዳሩ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። አማታቸው ሕፃናትን ሲያስተኙ፣ «ቤታችን ከጫግኒ በእግሩ መጣ፤ ሦስት ቀን ሄደ፣ ሲደክመው እዚህ ተቀመጠ» ይሉ ነበር። እሳቸውም ለኢሕሳን ይህንኑ እየነገሩ አሳደጓት። ተረት ነው ብለው ነበር። ቤት እግር አለው እንዴ?

ሌላም ነገር ያውቃሉ፤ ከተረቱ ጋር አገናኝተውት ግን አያውቁም። ሐጂ ሙስዐብ ቆላ ሲነግዱ ሦስት ልጆች በአንድ ዓመት ወባ ወሰደባቸው። አራተኛው በሆድ ነበር። ሚስታቸው ደጋ መውጣቱን እሺ ብለው፣ «የልጆቼ እጅ የነካውን ግድግዳ ትቼ አልሄድም» አሉ ይባላል። ሐጂው እንዴት እንዳግባቧቸው ለእማማ መሪማ የነገራቸው የለም። «እኔ ለምነው፣ ጌጥ ገዝተው ያግባቧቸው ይመስለኝ ነበር» ብለው ቋሚውን ዳበሱ። ከዚያ፣ «ለካ ቤቱን ነው ያመጡላቸው» አሉ።

አሁን መስኮቶቹ ገቡኝ። ጥላው፣ ቀዳዳዎቹ፣ ሁሉም። ቤቱ አልተሳሳተም። የጫግኒ ቤት ነው፤ ለቆላ ሙቀት የተሠራ። የአራተኛው ልጅ የልጅ ልጅ ደግሞ ኢሕሳን ናት።

 

ሰኔ 26

የቋሚዎቹን ነገር ለአቶ አሳምነው አስረዳሁ። ሥዕሉን ገለጥኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅጹ ለመውደቅ የተቃረበ ይላል። በዚያ ቅጽ ነው ሁሉ የተወሰነ። አሁን አልተቃረበም ካልን፣ ማን ሞላው ሊባል ነው። እኔ ያን ፋይል አልከፍተውም፤ አንቺም አትክፈቺው። ለአንቺ ብዬ ነው» አሉኝ።

ለምን ለእኔ እንዳሉ መጻፍ አልፈልግም።

ሐምሌ 5

እማማ መሪማ ሰገነቱ ላይ ሆነው፦ «ልጄ፣ ይወድቃል ብሎ የጻፈውን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ነው፣ እማማ።»

«መሥሪያ ቤት እጅ የለውም። ሰው ነው የሚጽፍ።»

ባጃጅ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ወረድኩ። የጠበቀኝ ባጃጅ አልነበረም።

ሐምሌ 7

ፊርማው የኔ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ደብተር ላይ «ቅጹን የሞላው ሰው» እያልኩ ጻፍኩ። ማንም ለማያነበው ደብተር ዋሸሁ። ቅጹን የሞላሁት ባለፈው ነሐሴ ነው። የከተማውን የድሮ ቤቶች ዝርዝር ሰጡኝ፤ ሃያ ሦስት ቤት፣ የአንድ ሳምንት ሥራ። ዝናቡ አላቆም አለ፤ እኔም ለእህቴ ሠርግ መድረስ ነበረብኝ። አንድ ባጃጅ ተኮናትሬ ሃያ ሦስቱንም በአንድ ቀን ዞርኩ። ከባጃጁ አልወረድኩም። የላስቲክ መጋረጃውን ገለጥ እያደረግሁ አየሁ፤ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። የሐጂው ቤት ሲደርስ «ዘሟል» አልኩ። መዝመሙን ያየሁት እውነት ነው። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ሠርጉ ያምር ነበር። ጨፍሬአለሁ።

ሐምሌ 9

ለእማማ መሪማ ነገርኳቸው። ኢሕሳንም ነበረች።

ኢሕሳን ጮኸች። መጮኋ ቀለለኝ። እማማ መሪማ ግን አልጮኹም። «እኔ እኮ በየቀኑ ስትመጪ ወደሽን መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ወድጄ ነው፣ እማማ።»

«ይሁን።» ተነሥተው ምርጊቱ የወረደበትን ቋሚ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። «ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው። ሄደሽ ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ሐምሌ 14

ቤቱ እንዲፈርስ የወሰነው ኮሚቴ በጥያቄዬ ተሰበሰበ። አምስት የኮሚቴ አባላት፣ አቶ አሳምነው፣ እማማ መሪማና ኢሕሳን። አቶ ሽባባውን እኔ ጠራኋቸው።

ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ነሐሴውን፣ ባጃጁን፣ ሃያ ሦስቱን። አቶ አሳምነው ጠረጴዛውን እያዩ ቀሩ። ሰብሳቢው፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትናገሪው ነገር ምን እንደሚያስከትልብሽ ታውቂያለሽ?» አሉ። አውቃለሁ አልኩ። ሙሉ በሙሉ አላውቅም ነበር።

አቶ ሽባባው ስለ ቋሚዎቹ አጭር ቃል ሰጡ። አንዱ አባል ግን፣ «እሺ፣ ቤቱ ጤነኛ ነው እንበል። መንገዱስ? ወደ ወዲያ ማዶ እንዳናሰፋው እዚያም ሰው ነው የሚኖረው» አለ። ይህ እውነት ነው። 

ከኋላ ኢሕሳን ተነሣች። ይፍረስ ልትል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ይህን ቤት አልወደውም» አለች። «እናቴን አሳምሟታል። ግን ቅድመ አያቴ ለአንዲት ሐዘንተኛ ሴት ብለው ከጫግኒ እዚህ ድረስ ተሸክመውታል። ጓሯችን ከመንገዱ ሠላሳ ሜትር ይርቃል። ሦስት ቀን በእግሩ የሄደ ቤት ሠላሳ ሜትር አያቅተውም። ተዉልን፣ እኛው እናነሣዋለን።»

አቶ ሽባባው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁጥሩ አለ፤ ይቻላል» አሉ።

ሐምሌ 23

ተወሰነ። ቤቱ ወደ መዝገቡ ተመለሰ፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አንሥተው ጓሯቸው ላይ እንዲተክሉት ተፈቀደ።

ለእኔም ደብዳቤ ደረሰኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ከመስክ ሥራ ታግጄ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። መስኮት የለውም። ይገባኛል። ግን ዛሬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ይህንንም ልጻፈው።

መስከረም 21

መስቀል እንዳለፈ ማፍረስ ተጀመረ። በዓመት ዕረፍቴ መጥቼ እቆጥራለሁ። ሥራዬ ይህ ብቻ ነው፤ የድሮውን ቁጥር ማንበብ፣ ያልተቆጠረውን በቀለም መቁጠር፣ መጻፍ።

ምርጊቱ ሲወርድ ቤቱ አጥንቱ ቀረ። ጽድ ይሸታል። መንገደኛ ቆሞ ያያል። አቶ ሽባባው ሽብልቁን በመዶሻ ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጉታል፤ እንጨቱ እንደ ጥርስ ይነቀላል።

እማማ መሪማ ጎረቤት ቤት ሆነው ያያሉ። ከሐምሌ ወዲህ ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ በላይ አይሉኝም።

ጥቅምት 12

ቋሚዎቹ ቆሙ። ፲፩ እና ፲፬ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ መሠረቱም በዚያ በኩል በአጭሩ እግር ልክ ከፍ ተደረገ። ቱምቢ ጣልንበት። ቀጥ አለ። አቶ ሽባባው ድጋሚ አስጣሉኝ። ቀጥ ነው።

ኢሕሳንና እኔ ስለ መኝታ ቤቱ ተከራከርን። እሷ የተፈለፈሉት ሳንቃዎች ይውለቁ አለች፤ እኔ አይሆንም አልኩ። በመጨረሻ ሳንቃዎቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ከውስጥ በኩል ግን ሌላ ግድግዳ ይቆምና በመካከሉ ጭድ ይሞላል። ከውጭ የጫግኒ ቤት፣ ከውስጥ የዳንግላ። ሐሳቡ የሷ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው።

ጥቅምት 27

እማማ መሪማ ትናንት ገቡ። ዛሬ ኢሕሳን ደውላ፣ «ሌሊቱን አልሳለችም» አለችኝ። ሌላ ምንም ሳትል ዘጋችው።

ኅዳር 3

አቶ አሳምነው መዝገብ ቤት ድረስ መጡ። ካቻምና ነሐሴ የሞላኋቸውን ቅጾች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ኮሚቴው በድጋሚ ይታዩ ብሏል። ሌላ ሰው ልላክ ብዬ ነበር፤ ግን ራስሽ የጻፍሽውን ራስሽ ብታነቢው ይሻላል።» ወጡ። ከዚያ በሩን መልሰው ከፍተው፣ «ዘጠኙ ፈርሰዋል» አሉ።

የሐጂው ሲቀነስ ሃያ ሁለት ቅጽ። ዘጠኙን ለየኋቸው። በነዚያ ቤቶች ውስጥ ምን እንደነበረ መቼም አላውቅም። ማንም አያውቅም።

ኅዳር 4

በእግሬ ሄድኩ። መጀመሪያ ያንኳኳሁት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ባለ ሰገነት የሳር ቤት ነው። ቅጹ ላይ «የተለየ ይዘት የሌለው» ብዬአለሁ።

ስሜነሽ የሚባሉ ሴት ከፈቱ። ማን እንደሆንኩ ልነግራቸው ስጀምር በእጃቸው አቋረጡኝ።

«አውቅሻለሁ። ካቻምና በዚያ ዝናብ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ ወደዚህ ታዪ የነበርሽው አይደለሽም? ልትገባ ነው ብዬ በሩን ከፍቼ ቆሜ ነበር።»